ተቆልፎበት የሚገለጠው መጽሐፍ

ባለፈው ጥቅምት ድሬዳዋ፣ የእህቴ ልጅ ቤት ሰንብቼ ነበር። አንድ ቀን ሙቀቱ በረድ ሲል፣ «አክስቴ፣ የድሮ መጻሕፍት ለእይታ ቀርበዋል አሉ፤ አንቺ ደግሞ መጽሐፍ ትወጃለሽ» ብላ በባጃጅ ይዛኝ ሄደች። ቤተ መጻሕፍቱ ቀዝቀዝ ያለ፣ አዲስ ቀለም የሚሸት አዳራሽ ነው። መጻሕፍቱ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተኝተዋል፤ በአገራችን ማተሚያ ቤት ከመብዛቱ በፊት የታተሙ፣ ጠርዛቸው የሻይ መልክ የያዘ። ሰው ሁሉ ከፊት ቆሞ ያያል። እኔ ግን ሳላስበው ወደ ኋላ ዞሬ የሣጥኑን ጀርባ በጣቴ መዳበስ ጀመርኩ። ጥበቃው ወዲያው መጣ።

«እናቴ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ።

አነጋገሩ የአክብሮት ነው፤ ዓይኑ ግን ከእጄ ላይ አልተነሳም። ምንም አልጠፋብኝም ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። የእህቴ ልጅ ሳቀች። እኔን ግን ያ ዓይን እስከ ቤት ድረስ ተከተለኝ። አንድ ዘመን እኔም ሰው የማየው በእንደዚያ ዓይነት ዓይን ነበር።

ያደግኩባትን ከተማ፣ ቺሮን፣ ያኔ አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። ደርግ ከመጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስድስተኛ ክፍልን እንደ ጨረስኩ አባቴ ሲሞት ትምህርቱን ተውኩት። ሰው ስሜን ከጠራኝ ፊቴ ይግላል። ዳቦ ልገዛ ሄጄ ሦስት ሰው ቆሞ ካየሁ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። እናቴ «ይህቺ ልጅ ድምጿን ለማን ነው የምታስቀምጠው?» ትል ነበር። በመጨረሻ በጎረቤት አማላጅነት ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ጽዳት ተቀጠርኩ። እዚያ ዝም ማለት ስለሚፈለግ ደስ አለኝ።

ቤቱ ከአንድ ባላባት የተወረሰ፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ ቤት ነው። ከታች በዋናው መንገድ፣ ከሚኤሶ ቆላ ዳገቱን እያጓሩ የወጡ የጭነት መኪኖች ወደ ሂርና ሲያልፉ መስኮቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ጠዋት በሩን ከፍቼ እጠርጋለሁ፤ ከዚያ ውሃ ልቀዳ ጀሪካኔን ይዤ ቦኖ እወርዳለሁ፤ ወረፋው ካልረዘመ በግማሽ ሰዓት እመለሳለሁ። በዚያ ሰዓት አንባቢ ስለማይመጣ በሩን ገርበብ አድርጌ ነበር የምሄደው።

ኃላፊው ጋሽ አስራት ይባላሉ። መምህር የነበሩ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው። ወረቀት ሲያዩ እንደ ጨርቅ ነጋዴ ይዳስሱታል። አንድ ቀን አሮጌ መጽሐፍ ገልጠው ጣቴን ይዘው ፊደሉ ላይ አሳረፉት። ወረቀቱ በየፊደሉ ቦታ ጎድጎድ ይላል። ድሮ ፊደል ከእርሳስ ተቀርጾ፣ አንድ በአንድ ተለቅሞ፣ በብረት ተጭኖ እንደሚታተም ነገሩኝ። መጽሐፍ አንድ ገጽ ላይ ተከፍቶ ብርሃን ከመታው ቀለሙ እየተበላ እንደሚሄድም ያን ዕለት ነው የሰማሁት።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አንድ ሐሳብ አመጡ። በየሰዉ ቤት ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ፣ ጥንት የታተሙ መጻሕፍት ለአንድ ወር ተሰብስበው ሕዝብ ይያቸው የሚል። ቀበሌው ፈቀደ። ደብዳቤው በማኅተም ወጣ፤ ነገሩን ያበላሸው ማኅተሙ ነው። «የቆየ መጽሐፍ ያላችሁ አስመዝግቡ» የሚል ወረቀት በዚያ ዘመን እንደ ንባብ ግብዣ የሚያየው ሰው አልነበረም። መሬት ተመዝግቦ ተወርሷል። ትርፍ ቤት ተመዝግቦ ተወርሷል። ወጣቱም ተመዝግቦ ዘምቷል። አሁን ደግሞ መጽሐፍ?

ሰዉ አንዱን አምጥቶ ሁለቱን ደበቀ። ያመጣውም ቢሆን እንዳለ አላመጣውም። ድሮ ሰው በመጽሐፉ ባዶ ገጽ ላይ ልጅ የተወለደበትን፣ አባት የሞተበትን፣ መሬት የገዛበትን ይጽፍ ነበር። ያ ጽሑፍ አሁን ጠላት ሆነ። አንዱ ገጹን በምላጭ ቆርጦ መጣ፤ ሌላው በዱቄት ሙጫ ወረቀት ለጥፎበት መጣ። ጋሽ አስራት የተለጠፈውን ወደ መስኮት አንስተው በብርሃን እያዩ፣ «እኔ መጽሐፍ አምጡ አልኩ፤ እነሱ ማስረጃ አጥፍተው መጡ» እያሉ ይስቁ ነበር። እኔ አልሳቅኩም። ሰው የሸፈነውን ለማንበብ ለምን ፈለጉ እያልኩ አስብ ነበር።

ከሰጡት መካከል ሐጂ ኢብሮ አሉ፤ ገበያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ከአባታቸው የወረሱትን፣ ከባሕር ማዶ የታተመ የአረብኛ ኪታብ አመጡ። ማሳያ ስላልነበረንም ብስኩትና ከረሜላ የሚደረድሩበትን የሱቅ መስታወት አዋሱን። በጋሪ አስጭነው ሲያደርሱት ጋሽ አስራትን፣ «ብስኩቱን አውጥቼ ለመንግሥት ሰጠሁ። ሕዝቡ አሁን መጽሐፉን ይብላ» አሏቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ኢንተላ፣ ኪታቤን በዚህ የአቧራ ጨርቅ እንዳትነኪው። እጅሽን ታጥበሽ ብቻ» አሉኝ። ኢንተላ በኦሮምኛ ልጅት ማለት ነው።

የሁሉም ዓይን ያረፈበት ግን የእትዬ ዘነበች መጽሐፍ ነበር። እትዬ ዘነበች በንጉሡ ጊዜ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሰው ሚስት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። መጽሐፉ በግዕዝ የታተመ የጸሎት መጽሐፍ ነው፤ በቀይና በጥቁር ቀለም፣ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ ቆዳው በእጅ ብዛት የለሰለሰ። ጋሽ አስራት አገር ውስጥ መጀመሪያ ከታተሙት አንዱ ሳይሆን አይቀርም ብለው ነበር። እትዬ ዘነበች በነጠላቸው ጠቅልለው አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት እጃቸው ቶሎ አልለቀቀውም። «ለወር ነው አይደል?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁ። እምቢ ማለት አይችሉም ነበር። የጸሐፊ ሚስት ናቸው፤ እምቢ ካሉ ምን ደብቀው ነው ይባላል።

ጋሽ አስራት መስታወቱን ጥግ ላይ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገው አቆሙት፤ ከኋላ በኩል ጥቁር ጨርቅ ጋረዱበት፤ መጻሕፍቱን እየገለጡ ደረደሩና ከፊት ያለችውን ትንሽ የመስታወት በር በቁልፍ ቆለፉ። ቁልፉ ከመነጽራቸው ጋር በክሩ ላይ ተንጠለጠለ።

መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። መስታወቱን ስወለውል የእትዬ ዘነበች መጽሐፍ ትናንት የተከፈተበት ገጽ ላይ አይደለም። ትናንት በቀኝ በኩል አንድ ትልቅ ቀይ ፊደል ነበር፤ ዛሬ በግራ ነው። አላመንኩም። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ገጽ። ከዚያም ሌላ። ቁልፉ እንደተቆለፈ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም፤ መናገር ልማዴ አይደለም። ግን ማየት ጀመርኩ። ቁልፉ ያለው ጋሽ አስራት አንገት ላይ ነው። በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚያልፍ ሰው በላንድሮቨር መጥቶ መጽሐፉን ፎቶ አንስቷል፤ ከጋሽ አስራት ጋር መስኮቱ ጋ ቆመው በዝግታ ሲነጋገሩ አይቻለሁ፤ ሲሄድም ፖስታ ሰጥቷቸዋል። ጋሽ አስራት መጽሐፉን በማስመሪያ ሲለኩት፣ ቁጥሩን ሲጽፉም አይቻለሁ። ለፈረንጅ ሊሸጡት ነው አልኩ። በልቤ አንዱን ከአንዱ እያያያዝኩ የጥርጣሬ መሰላል ሠራሁ። ሰውየው ጠዋት «እንደምን አደርሽ የኔ ልጅ» ሲሉኝ፣ ምን ፈልገው ነው የሚያቆላምጡኝ እላለሁ። ከቤታቸው ጥንቅሽ አምጥተው ግማሹን ሰብረው ሲሰጡኝ እየመጠጥኩ እጠረጥራቸዋለሁ። ጣፋጭ ነበር፤ የዚያ ዓመት ማሽላ ዝናብ ጠግቦ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ የቀበሌው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ደረጀ አስጠራኝ። ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ቀጭን ወጣት ነው፤ ሁልጊዜ ካኪ ይለብሳል፤ ሲናገር ድምፁ ከፍ አይልም፤ ሰው የሚፈራውም ለዚያ ነው። ለካ እሱም ገጹ እንደሚለዋወጥ አይቷል። በዚያ ጊዜ በራሪ ወረቀት በመጽሐፍ ውስጥ ይተላለፋል፤ ወረቀት እንኳ ባይኖር የተከፈተ ገጽ ራሱ ለአንድ ሰው ምልክት ሊሆን ይችላል አለኝ። ቁልፉን ማን እንደሚይዝ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ሌላ የሚይዝ እንዳለ ጠየቀኝ፤ የለም አልኩት።

«እንግዲህ ማን ይመስልሻል?» አለ።

ዝም ብል ይሻል ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ያልኩ ሰው ያን ቀን አፌ ተከፈተ። ጋሽ አስራት ሳይሆኑ አይቀሩም አልኩ። እሱ ሌላ አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን የላንድሮቨሩን ሰውዬ ጨመርኩ፤ ፖስታውን ጨመርኩ፤ ማስመሪያውን ጨመርኩ። እየጻፈ «ጎበዝ» አለኝ። የሚያሳፍረው፣ ስወጣ ደረቴ ቀለል ብሎኝ ነበር። አንድ ሰው የምናገረውን ሰምቶ ሲጽፍ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች መጥተው ጋሽ አስራትን ወሰዷቸው። እሳቸው የጠየቁት መነጽሬን ልያዝ ብለው ብቻ ነው። ቁልፉን ከክሩ ፈትተው ወሰዱባቸው፤ ጓድ ደረጀ ራሱ የመስታወቱ በር ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለጥፎ ሄደ። ለእኔ ቤቱን እንደ ወትሮው እንድከፍት፣ የሚመጣውን ሰው እንዳይ ትእዛዝ ሰጠኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ከቦኖ ተመልሼ መስታወቱን አየሁ። ማኅተሙ አልተነካም። ገጹ ተቀይሯል።

ጀሪካኑን ሳላወርድ ቆሜ ቀረሁ። ቁልፉ ጓድ ደረጀ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ጋሽ አስራት ቀበሌ ግቢ ውስጥ ታስረዋል። ያን መሰላሌን አንድ በአንድ ወረድኩበት፤ ከሥሩ ቆሜ ያገኘሁት ራሴን ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚገባውን ሰው ሁሉ እንደ ሌባ አየሁት። ሐጂ ኢብሮ ኪታባቸውን ሊያዩ ሲመጡ እንኳ ከጀርባቸው አልራቅኩም። የጋሽ አስራት ሚስት ምሳ በሳህን ቋጥራ በመስኮታችን ስር ወደ ቀበሌ ስታልፍ ከመስኮቱ ሸሸሁ።

ረቡዕ ጠዋት ጀሪካኔን ይዤ ወጣሁ፤ ወደ ቦኖው ግን አልወረድኩም። አጥሩን ዞሬ በጓሮ በኩል ተመለስኩ። በሩን በቀስታ ገፋሁት። ሰው አይታይም። ከጥጉ ግን ሹክሹክታ ይሰማል። ከመስታወቱ ኋላ ብቅ ስል እትዬ ዘነበች መሬት ላይ ተንበርክከው አገኘኋቸው። የሱቅ መስታወት ባለ ሱቁ ዕቃ የሚያወጣው ከኋላ ነው፤ የጀርባው ጣውላ በተቦረቦረ መስመር ላይ ይንሸራተታል። ጋሽ አስራት መምህር እንጂ ነጋዴ አይደሉም፤ የፊቱን ቆልፈው የኋላውን በጨርቅ ሸፍነው አረፉ። እትዬ ዘነበች ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሐጂ ኢብሮ ሱቅ ስኳርና ሻማ ሲገዙ ያን ጣውላ ሲከፈት ሲዘጋ አይተዋል። አሁን ጣውላው ተስቧል፤ ጨርቁ ተገልጧል፤ መጽሐፉ እጃቸው ላይ ነው።

ሲያዩኝ አልጮኹም። ፊታቸው ግን አመድ መሰለ።

«ልጄ፣ አልሰረቅሁም» አሉ። «የዛሬውን ነው የማነበው።»

ቀስ ብለው አስረዱኝ። መጽሐፉ በሰባቱ ዕለታት የተከፋፈለ ነው፤ ለሰኞ የሰኞ፣ ለማክሰኞ የማክሰኞ ጸሎት አለው። ማንበብ ያስተማሯቸው ባላቸው ናቸው፤ ሲሞቱም በዚህ መጽሐፍ አንድም ቀን ሳላጓድል እጸልያለሁ ብለው ቃል ገብተዋል። በቃል ልውጣው ቢሉ ይጠፋባቸዋል፤ ዓይናቸው ፊደሉ ላይ ካላረፈ አይሆንላቸውም። ስለዚህ እኔ ውሃ ስቀዳ ይገባሉ፤ የዕለቱን ያነባሉ፤ በዚያው ገጽ ከፍተው ይመልሱታል። በጣታቸው አናቱ ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ አሳዩኝ፤ «ዘረቡዕ» ይላል። በየቀኑ ስወለውለው በነበረው መስታወት ሥር በቀይ ቀለም ዕለቱ ተጽፎ ነበር፤ እኔ የሰው ፊት ሳነብ እሱን አላነበብኩም።

መልሱልኝ ብለው ለምን እንዳልጠየቁ ጠየቅኳቸው።

«ማንን?» አሉኝ። «አንቺስ ብጠይቅሽ ለማን ትነግሪ ነበር?»

ይህን ሲሉ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ስማቸውን ብናገር ጋሽ አስራት ይወጣሉ፤ እትዬ ዘነበች ይገባሉ፤ ለጸሐፊ ሚስት፣ ማኅተም ያለበትን ሣጥን ከኋላ ለከፈተች ሴት፣ ቀላል አይሆንም። ይሂዱ፣ ደግመው አይምጡ አልኳቸው። ጣውላውን ራሴ ገፍቼ ዘጋሁ።

ጓድ ደረጀ ለስብሰባ ሂርና ወርዶ ስለነበር ያን ቀን አላገኘሁትም። ሐሙስ ጠዋት የቀበሌው ቢሮ በር ላይ ጠበቅኩት። ገጹን የምገልጠው እኔ ነኝ አልኩት። ብርሃን አንድ ገጽ ላይ ከቆየ ቀለሙን ይበላዋል፤ ጋሽ አስራት ይህን አስተምረውኛል፤ ቁልፍ መጠየቅ እያፈርኩ ከኋላ በኩል በጣውላው እየከፈትኩ በየቀኑ አገላብጣለሁ፤ ሰኞ ሲጠይቀኝ ፈርቼ ዋሸሁ አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ብዙ ቃል ባንድ ትንፋሽ ተናግሬ አላውቅም።

መንገዱን ይዞ ቀደመኝ። አንድ ጠመንጃ የያዘ ጓድ ተከተለን። ቤተ መጻሕፍቱ ስንደርስ ጣውላውን ስቤ አሳየሁት። ጠባቂውን በር ላይ አቁሞ ጎንበስ አለና መጽሐፉን በጨርቁ ሥር ለረጅም ጊዜ አየው። እትዬ ዘነበች ቃሌን ሰምተው ቀርተዋል፤ መጽሐፉ ረቡዕ ከተከፈተበት አልተነካም።

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለ፣ እኔ ብቻ እንድሰማው።

እጁን አስገብቶ ሳይፈልግ፣ ሳይቆጥር፣ ሦስት አራት ቅጠል በአንድ ጊዜ ገለበጠና ቀዩ ጽሑፍ ላይ አቆመው። «ዘሐሙስ» ይላል። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር። ቀና ብሎ ሲያየኝ ዓይኑ ምንም አይናገርም። ከዚያ ድምፁን አንስቶ በር ላይ ላለው ሰው፣ መጽሐፉን የምታገላብጠው ይህች ልጅ ናት፣ ለጥበቃ የተደረገ ነው፣ ሰውየው ይፈታ አለ። ከመጀመሪያ ጀምሮ ያውቅ ነበር? ካወቀስ ጋሽ አስራትን ለምን አሰረ? ወይስ ያን ደቂቃ ብቻ ነው የገባው? እስካሁን አላውቅም። ደጋግሜ ባስብም ያ ሰው በአንድ መልክ አይቆምልኝም።

ጋሽ አስራት ጢማቸው አድጎ፣ አንዱ የመነጽራቸው መስታወት ተሰንጥቆ ወጡ። ገጹን የምገልጠው እኔ ነኝ ማለቴን ቀበሌ ውስጥ ነግረዋቸዋል። ቀጥታ ወደ እኔ መጥተው ሁለት እጄን ያዙ።

«አንቺ ባትኖሪ እዚያው ነበርኩ» አሉ። «በዚህ ዘመን ስለ ሌላ ሰው አፉን የሚከፍት ማን አለ?»

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። አልተናገርኩም። ዝምታዬን ዓይን አፋርነት ነው ብለው ወሰዱት።

እስከ ወሩ መጨረሻ ገጹን በየጠዋቱ እኔ ገለጥኩ፤ እትዬ ዘነበችም እንደ ማንኛውም ተመልካች ከፊት ቆመው አነበቡ። የቀረውን ቅጠል ሰው ሲሳሳ ከኋላ ገልብጬ አሳያቸው ነበር። መጽሐፉ ተመለሰላቸው። ጋሽ አስራት ከዚያ በኋላ ለዓመታት መጽሐፍ እያዋሱ አስነበቡኝ፤ ዛሬ ይህን ያህል መጻፍ የቻልኩት በእሳቸው ነው።

ግን ማን እንደጠቆመባቸው ማወቅ ይፈልጉ ነበር። ሲያስቡ ሲያስቡ ሐጂ ኢብሮ ላይ አረፉ። መስታወቱ የሳቸው ነው፣ የኋላውን ጣውላ ያውቃሉ፣ ማክሰኞም ኪታቤን ልይ ብለው መጥተዋል። ሰላምታ ነፈጓቸው። ሚስታቸውም ስኳር ከሌላ ሱቅ መግዛት ጀመረች። አንድ ቀን በሱቁ በኩል ሳልፍ ሐጂ ኢብሮ ጠሩኝ።

«ኢንተላ፣ ያ ሰውዬ ምን አድርጌው ነው? አንቺ አብረሽው ትውያለሽ፤ ንገሪኝ።»

«አላውቅም» አልኳቸው።

አሁን ሁለቱም በሕይወት የሉም። ሳይታረቁ ነው የሞቱት።

ድሬዳዋ፣ ያን ቀን ማታ ራት ላይ፣ የእህቴ ልጅ ስለ ሣጥኑ ጀርባ ጠየቀችኝና ስለ እትዬ ዘነበች አጫወትኳት፤ ስለ ጓድ ደረጀም ነገርኳት። «አክስቴ፣ ጀግና ነበርሽ ለካ» ብላ ሳመችኝ። ጎረቤት ጠርታም ታሪኩን ደገመችላቸው። እኔ ሰኞ ዕለት ቀበሌ ገብቼ ያልኩትን ትቼባት ነበር፤ የሐጂ ኢብሮንም ጥያቄ ትቼባት ነበር። ሰው ሲያመሰግነኝ ዝም ማለት ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቅበት ነገር ሆኗል። ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ጻፍኩት፤ ስታነበው ምን እንደምትለኝ አላውቅም።